ፈጣን ዘይት ቅየራ፦ ሞተርዎን ሳያስጎዱ፣ ኪስዎን ሳያስበዘብዙ

አሜሪካ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው የፈጣን ዘይት ቅየራ ቤት ደጅ ሳይረግጥ አይከርምም። ቀጠሮ አይጠየቅም፤ በብዙዎቹ ቤቶች ከመኪና መውረድም የለም። መኪናው ጉድጓድ ላይ ይቆማል፤ አንዱ ሠራተኛ ከታች ሆኖ አሮጌውን ዘይት ያፈሳል፣ ሌላው ከላይ አዲሱን ይሞላል፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍለው ይወጣሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የተስፋፋ ነው፤ በ1971 በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ የተጀመረው ጂፊ ሉብ ዛሬም በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲ፣ ኡበርና ሊፍት እየነዳ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ወገናችን እንዲህ ያለው ቤት ትልቅ ጥቅም አለው። መኪናው ግማሽ ቀን ጋራዥ ከዋለ የዚያ ቀን ገቢ ቀረ ማለት ነውና።

ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ሁለት ጣጣ ይዞ ይመጣል። አንዱ የእጅ ስህተት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተሠራ ሥራ ያልጠበቀ ብሎን፣ የተረሳ ክዳን ወይም ያልተሞላ ዘይት ትቶ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው የሽያጭ ግፊት ነው። የዘይት ቅየራው ዋጋ ደንበኛ እንዲስብ ዝቅ ተደርጎ ስለሚተመን፣ ደህና ትርፍ የሚገኘው በላዩ ላይ ከሚጨመሩት ፊልትሮዎች፣ እጥበቶችና ኬሚካሎች ነው። ሠራተኛው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያቀርብ የተነገረውን ያቀርባል። መቀበል ወይም አለመቀበል ግን የእርስዎ ፈንታ ነው።

ለሁለቱም ጣጣ መፍትሔው ተመሳሳይ ነው። የሚፈልጉትን ቤትዎ ሳሉ ወስነው ይሂዱ፤ የተሠራውን ደግሞ ከግቢው ሳይወጡ አይተው ያረጋግጡ። ለዚህ መካኒክ መሆን አያስፈልግዎትም። የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል መከተል ይበቃል።

ደረጃ 1፦ የመኪናዎን አራት ነገሮች ይወቁ

ከመኪናው ጋር የመጣውን መመሪያ መጽሐፍ ይክፈቱ። መጽሐፉ ከሌለዎት አምራቹ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀምጠዋል። ከመጽሐፉ አራት ነገሮችን ፈልገው ወረቀት ላይ ይጻፉ።

የመጀመሪያው የዘይቱ ውፍረት ነው። 0ደብልዩ-20፣ 5ደብልዩ-30 እየተባለ የሚጻፈው ይህ ነው። የፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ምን ያህል ቀጭን ወይም ወፍራም እንደሚሆን ይናገራል። በብዙ መኪኖች ላይ ይኸው ቁጥር በሞተሩ የዘይት ክዳን ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። ለምሳሌ ከ2018 ወዲህ የተሠራ ባለ 2.5 ሊትር ቶዮታ ካምሪ ከነፊልትሮው 4.8 ኳርት፣ ማለትም 4.5 ሊትር ገደማ ይይዛል። ይህን ቁጥር ያወቀ ሰው ደረሰኙ ላይ 6 ኳርት ተጽፎ ሲያይ ወዲያው ይጠይቃል።

ሦስተኛው የጥራት ደረጃው ነው። በአሜሪካ የሚሸጥ አብዛኛው የሞተር ዘይት የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ክብ ምልክት ይኖረዋል፤ በውስጡ ኤስፒ የሚለው ደረጃ በ2020፣ ኤስኪው የሚለው ደግሞ በ2025 የወጣ ነው። አዲሱ ደረጃ ለቀድሞ የቤንዚን መኪኖችም ይሆናል። ይህ ብቻ የማይበቃቸው መኪኖችም አሉ። ጄነራል ሞተርስ ዴክሶስ የሚል ፈቃድ ያለው ዘይት ይጠይቃል፤ ፎልክስዋገን፣ ቢኤምደብልዩና መርሴዲስም የየራሳቸው የፈቃድ ቁጥር አላቸው። መኪናዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ቁጥሩን ሳይጽፉ አይሂዱ።

አራተኛው የመቀየሪያው ጊዜ ነው። በየ3,000 ማይሉ ይቀየር የሚለው የድሮ ደንብ ለአሁን ዘመን መኪኖች የሚሠራ አይደለም። በ0ደብልዩ-20 ሰው ሠራሽ ዘይት የሚሠሩ ብዙ ቶዮታዎች በመደበኛ አነዳድ እስከ 10,000 ማይል ወይም 12 ወር ይፈቀድላቸዋል። ሆንዳና ጄነራል ሞተርስ ደግሞ የዘይቱን ቀሪ ዕድሜ በመቶኛ አስልቶ የሚያሳይ መቆጣጠሪያ አላቸው።

እዚህ ላይ የታክሲና የኡበር ነጂዎች ልብ ይበሉ። ያው የቶዮታ መመሪያ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የሚሠራ ሞተርንና እንደ ታክሲ፣ እንደ ፖሊስ መኪና ወይም እንደ ዕቃ አመላላሽ ያለ የከተማ ሥራን በከባድ አገልግሎት ይመድበዋል፤ ለእነዚህም 5,000 ማይል ወይም 6 ወር ያዛል። አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈው ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ ከፍተው ሲጠብቁ የማይል ቆጣሪው አይንቀሳቀስም፣ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። ስለዚህ የ10,000 ማይሉን ፈቃድ ለራስዎ አይውሰዱት። እንደዚሁም በየ3,000 ማይሉ እየተመላለሱ ገንዘብ አያፍስሱ።

ደረጃ 2፦ ቤትዎ ሳሉ ይዘጋጁ

ከመሄድዎ በፊት የራስዎን ዘይት ይለኩ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ኮፈኑን ይክፈቱ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይምዘዙ፣ በሶፍት ይጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ያስገቡትና እንደገና ይምዘዙት። ጫፉ ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ በብዙ መኪኖች በታችኛውና በላይኛው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ኳርት ገደማ ነው። ዘይቱ የደረሰበትን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ይህን ማድረግ ለሁለት ነገር ይጠቅምዎታል። አንደኛ፣ ሞተርዎ በመሀሉ ዘይት የሚበላ መሆን አለመሆኑን ያሳውቅዎታል። ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩ አንዳንድ ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎች በዚህ ይታወቃሉ፤ እንዲህ ያለውን መኪና የያዘ ሰው የቅየራ ቀን ሳይጠብቅ በየሁለት ሳምንቱ መለካት አለበት። ሁለተኛ፣ ቅየራው ካለቀ በኋላ ሲለኩ ዐይንዎ ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ያውቃል።

ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን ራስዎ ይመልከቱ። በአብዛኞቹ መኪኖች ሞተሩ አጠገብ ባለ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ በሁለት ወይም በሦስት መቆለፊያ ተዘግቶ ይገኛል። ቶዮታ በመደበኛ አነዳድ በየ30,000 ማይሉ እንዲቀየር ያዛል። ወደ ተሳፋሪው የሚገባውን አየር የሚያጣራው ሁለተኛው ፊልትሮ በብዙዎቹ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው። ሁለቱንም ከመለዋወጫ መደብር ገዝቶ ያለ መፍቻ መቀየር ይቻላል፤ ዘይት ቅየራ ቤት ከሚጠየቀው በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ይወጣል።

በመጨረሻም ስልክ ይደውሉና ይጠይቁ፦ የዘይቱ ዓይነት ምንድን ነው? ዋጋው ስንት ኳርት ያካትታል? ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኳርት ስንት ይከፈላል? የአሮጌ ዘይት ማስወገጃና ሌሎች ክፍያዎች ተደምረው ጠቅላላው ስንት ይሆናል? ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ዝቅተኛ ዋጋ ብዙ ጊዜ እስከ 5 ኳርት ለሚደርስ ተራ ዘይት ነው። የእርስዎ መኪና ሰው ሠራሽ ዘይት የሚፈልግ ከሆነ ያ ዋጋ አይመለከትዎትም።

ደረጃ 3፦ ሲገቡ የሚፈልጉትን በግልጽ ይናገሩ

የመጀመሪያው ቃል የእርስዎ ይሁን። ሠራተኛው ዝርዝሩን ሳይጀምር «ጀስት ዘ ኦይል ኤንድ ፊልተር ቱዴይ፣ ፕሊስ» ይበሉት፤ ዛሬ የምፈልገው ዘይትና ፊልትሮ ብቻ ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎት ከሆነ የዘይቱን ቁጥር፣ መጠኑንና ይህን ዐረፍተ ነገር ስልክዎ ላይ ጽፈው ያሳዩ። ፈጥኖ የሚናገርን ሰው በትክክል ሳይሰሙ በጭንቅላት «እሺ» ማለት በደረሰኙ ላይ ገንዘብ ሆኖ ይመጣል።

ቀጥሎ ዋጋውን በጽሑፍ ይጠይቁ። በብዙ ግዛቶች ይህ መብትዎ ነው። በካሊፎርኒያ ጥገና ቤቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ግምት መስጠት አለበት፤ ያለ እርስዎ ፈቃድም ከዚያ በላይ ማስከፈል አይችልም። በሜሪላንድ ሥራው ከ50 ዶላር የሚበልጥ ከሆነ ሲጠይቁ የጽሑፍ ግምት ሊሰጥዎ ይገባል፤ ያለ ፈቃድዎም ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ ማስከፈል የተከለከለ ነው። የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌው እንዲሰጥዎት ወይም እንዲያሳዩዎት ሥራው ሳይጀመር ይንገሯቸው፤ ከተጣለ በኋላ ቢጠይቁ ጊዜው አልፏል።

የሚሞላውን ዘይት ስምና ቁጥርም ይጠይቁ። ብዙዎቹ ዘይቱን ከትልቅ በርሜል በቱቦ ስለሚቀዱ ጠርሙስ አያዩም። ስለዚህ ምርቱ፣ ውፍረቱና የጥራት ደረጃው ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ደረጃ 4፦ ሥራው ሲሠራ ይከታተሉ

መኪናው ውስጥ ከተቀመጡ ስልክዎን አስቀምጠው ይመልከቱ፤ በመጠበቂያው ክፍል ከሆኑም መስኮቱ አጠገብ ይሁኑ። ሠራተኞቹን በወሬ አያዘናጉ። ተጠንቅቀው በሚሠሩ ቤቶች ከላይና ከታች ያሉት ሠራተኞች እየተጠራሩ ይሠራሉ፤ የታችኛው ብሎኑ መጥበቁን፣ የላይኛው ስንት ኳርት እንደሞላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ይህን ሲሰሙ ደስ ይበልዎ፤ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነው።

በዚህ ሥራ ደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች ጥቂት ናቸው፤ ስማቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

• የማፍሰሻው ብሎን። ከላላ ዘይቱ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ጥርሱ ይላጣል፤ ያኔ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ እስከ ማስቀየር ሊያደርስ ይችላል። ብዙ አምራቾች ከብሎኑ ጋር ያለችው ቀጭን ቀለበት በየቅየራው በአዲስ እንድትተካ ያዛሉ።

• ድርብ የጎማ ቀለበት። እንደ ጣሳ የሚጠመዘዘው ፊልትሮ አፉ ላይ ጥቁር የጎማ ቀለበት አለው። አሮጌው ሲፈታ ይህች ቀለበት ከፊልትሮው ተላቃ ሞተሩ ላይ ተጣብቃ ልትቀር ትችላለች። ሠራተኛው ሳያይ አዲሱን በላይዋ ካሰረ ሁለት ቀለበት ይደራረባል። መኪናው ሲነሣ ደህና ይመስላል፤ ሞተሩ ፈጥኖ ሲሠራና የዘይቱ ግፊት ሲጨምር ግን ቀለበቷ ትሾልክና ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተጠርጎ ይፈሳል። መከላከያው ቀላል ነው፤ አሮጌውን ፊልትሮ አሳዩኝ ይበሉና ቀለበቱ አፉ ላይ መኖሩን ይመልከቱ።

• የሌላ ዘይት ማፍሰስ። በአንዳንድ ሱባሩዎችና ሆንዳዎች የካምቢዮው ማፍሰሻ ብሎን ከሞተሩ ማፍሰሻ ሊምታታ ይችላል። ሠራተኛው የካምቢዮውን ዘይት አፍስሶ በሞተሩ ላይ አዲስ ሲጨምርበት፣ ካምቢዮው ባዶ ሞተሩ ደግሞ ከልክ በላይ የሞላ ይሆናል። ወጥተው ሲነዱ መኪናው ለመሄድ የሚያመነታ ከሆነ ወዲያው ያቁሙ።

• የተረሳ የዘይት ክዳን፣ ወይም በቦታው ያልገባ የመለኪያ ዘንግ።

ደረጃ 5፦ ተጨማሪ ሲቀርብልዎ

አብዛኛው ሰው የሚረታው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው የቆሸሸ ፊልትሮ በእጁ ይዞ መስኮትዎ አጠገብ ይቆማል፤ ከኋላ የሚጠብቅ መኪና አለ፤ ልጁም በትሕትና ነው የሚያናግርዎት። እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን፤ ይህን ያህል ለፍቶ እንዴት እምቢ እለዋለሁ እንላለን። እምቢ ማለት ግን ስድብ አይደለም። «ኖት ቱዴይ፣ ታንክ ዩ» ብሎ ፈገግ ማለት ይበቃል፤ ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። ዛሬ ያልገዙትን ነገር ነገ አጣርተው መግዛት ይችላሉ፤ ዛሬ የከፈሉትን ማስመለስ ግን ከባድ ነው።

በብዛት ለሚቀርቡት የሚከተለውን ይያዙ።

የአየር ፊልትሮ። በደረጃ 2 አይተውታል፤ መልሱን ያውቁታል። ጥቂት አቧራ ወይም ቅጠል መታየቱ ፊልትሮው ሥራውን መሥራቱን እንጂ ማለቁን አያሳይም።

የካምቢዮ ዘይት እጥበት። ካምቢዮ ውድ ነገር ነው፤ ዘይቱም ዝም ተብሎ የሚመረጥ አይደለም። ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች ተለይቶ የታዘዘ ዘይት ይፈልጋሉ፤ ኒሳን፣ ሆንዳና ቶዮታ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አላቸው። ለሁሉም ይሆናል የተባለ ዘይት አያስሞሉ። የካምቢዮ ዘይት መቀየር ካለበት በመጽሐፉ መሠረት፣ የሚታወቅ መካኒክ ጋ ወይም አከፋፋዩ ዘንድ ያድርጉት።

የራዲያተር ፈሳሽ። አዲስ ቶዮታ በፋብሪካ የሚሞላለት ፈሳሽ መጀመሪያ የሚቀየረው በ100,000 ማይል ወይም በ10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ50,000 ማይል ወይም በየ5 ዓመቱ። መኪናዎ 60,000 ማይል ላይ ሆኖ ቀይር ቢሉዎት መጽሐፉን ይመኑ።

የመሪ ዘይት። ብዙ አዳዲስ መኪኖች መሪያቸው በኤሌክትሪክ ስለሚታገዝ የመሪ ዘይት የሚባል ነገር ጭራሽ የላቸውም። ከ2012 ወዲህ የተሠራ ካምሪ እንዲህ ነው፤ ፕሪየስም እንዲሁ። በሌለ ዘይት ላይ አገልግሎት ከቀረበልዎት፣ ሌላውንም የሚነግሩዎትን እንዲጠራጠሩ በቂ ምክንያት አገኙ።

የነዳጅ መስመር ማጽጃና የሞተር እጥበት። አብዛኞቹ አምራቾች በመደበኛ የጥገና ዝርዝራቸው ውስጥ አላስገቡትም። ከዚያ ይልቅ ቶፕ ቲር የሚል ምልክት ያለው ቤንዚን መቅዳት ይሻላል፤ ይህ በ2004 በመኪና አምራቾች የተጀመረ፣ ከተራው የበለጠ የማጽጃ ቅመም ያለበት ነዳጅ የሚለይበት ምልክት ነው።

ባትሪ፣ የዝናብ መጥረጊያና አምፖል። እነዚህ እውነትም ያልቃሉ። ግን የመለዋወጫ መደብሮች ባትሪ በነፃ ይመረምራሉ፤ መጥረጊያና ባትሪ ከገዙባቸውም ብዙዎቹ ሳያስከፍሉ ይገጥሙልዎታል። ባትሪዎ ደክሟል ከተባሉ የምርመራውን ውጤት በወረቀት ይጠይቁ።

ስለ ዘይት ቀለም አንድ ነገር ይወቁ። የሞተር ዘይት ከቅየራው ጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠቁራል፤ ውስጡ ያለው ማጽጃ ጥላሸቱን ይዞ ስለሚቆይ ነው። ጥቁረቱ ብቻውን መበላሸቱን አያመለክትም። የሚያሳስበው ወተት የመሰለ ዘይት ነው፤ ውሃ ወይም የራዲያተር ፈሳሽ መቀላቀሉን ሊያሳይ ስለሚችል ይህን ቢያሳዩዎት በቁም ነገር ይውሰዱት።

እውነተኛ ማስጠንቀቂያም ይመጣልና ሁሉንም በጅምላ አይግፉ። ፍሬን አልቋል፣ ጎማው ሽቦው ወጥቷል፣ ፈሳሽ ይንጠባጠባል ከተባሉ ወርደው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ፎቶ አንስተው በዚያው ሳምንት ለሚያምኑት መካኒክ ያሳዩ። ለደኅንነት የሚነገርን ነገር ማጣራት እንጂ መናቅ አይገባም።

ደረጃ 6፦ ከግቢው ሳይወጡ ያረጋግጡ

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል፤ ለዚህ ደረጃ የተነገረ ይመስላል። ስህተት ካለ ጠግኑልኝ ለማለት የሚቀለው እዚያው በራቸው ላይ ሲሆኑ ነው። ከጉድጓዱ ወጥተው ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ከዚያም፦

1. ሞተሩ ሲሠራ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። የዘይት ማሰሮ ምስል ያለበት ቀይ መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው ይጥሯቸው።

2. ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩና ዘይቱን ይለኩ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ተጠግቶ መገኘት አለበት። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ይጨመር፤ ከላይኛው በጣም ከበለጠም ዘይቱ አረፋ ሊሠራና ማኅተሞችን ሊጎዳ ስለሚችል ይቀነስ።

3. የዘይት ክዳኑ በደንብ መጥበቁን በእጅዎ ይሞክሩ። የአየር ፊልትሮውን ሣጥን ከከፈቱት መቆለፊያዎቹ መዘጋታቸውንም ይዩ።

4. ከመኪናው ሥር በስልክዎ መብራት ይመልከቱ። የሚንጠባጠብ ነገር መኖር የለበትም።

5. ደረሰኙን ያንብቡ። የዘይቱ ቁጥርና ደረጃ፣ የተሞላው መጠን፣ የማይል ቁጥሩ፣ ቀኑና እያንዳንዱ ክፍያ መኖር አለባቸው። ያልጠየቁት ነገር ካለ ሳይከፍሉ ያስወጡት።

6. በካርድ ይክፈሉ። ክርክር ቢነሣ ለባንኩ አቤት ማለት የሚቻለው በካርድ ሲከፈል ነው።

መስተዋቱ ላይ የሚለጥፉልዎት ምልክት ቶሎ ተመለስ ሊል ይችላል። የሚከተሉት ደረጃ 1 ላይ የጻፉትን ጊዜ ነው። ቶዮታ ላይ የሚበራው የጥገና ማስታወሻ መብራትም ማይል ከመቁጠር በቀር የዘይቱን መጠን አይለካም፤ ስለዚህ መብራቱ አልበራም ብለው መለካት አይተዉ።

ደረጃ 7፦ ቀጣዮቹን ቀናት

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ያደረበትን መሬት ይመልከቱ፤ አዲስ የዘይት ጠብታ ካለ ተመልሰው ይሂዱ። ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላም አንድ ጊዜ ይለኩ። በቅየራው ወቅት የፈሰሰ ጥቂት ዘይት በጋለ ብረት ላይ ሲቃጠል ለአጭር ጊዜ ሊሸት ይችላል፤ ሽታው ከቀጠለ ወይም ጭስ ካዩ ግን ያስመርምሩ። እየነዱ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ «ቤት ድረስ ላድርሰው» አይበሉ። ዳር ይዘው ወዲያው ያጥፉ፤ ያለ ዘይት ግፊት የሚሠራ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ሊበላሽ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ጉዳት ከደረሰ

ሞተሩን እንደገና አያስነሡ። የፈሰሰውን ዘይት፣ የመኪናውን ሥር፣ የዳሽቦርዱን መብራትና የማይል ቁጥሩን ፎቶ ያንሱ። ለዘይት ቅየራ ቤቱ ደውለው ኃላፊውን ያነጋግሩ፤ የተነጋገሩትን በዚያው ቀን በኢሜይል ጽፈው ይላኩ። መኪናውን በሚጎተት መኪና እንጂ እየነዱ አይውሰዱት። የሚቻል ከሆነ ከዘይት ቅየራ ቤቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ መካኒክ መጀመሪያ አይቶ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥዎት፤ ፊልትሮው፣ ብሎኑና የጎማ ቀለበቱ ማስረጃ ስለሆኑ እንዳይጣሉ ይንገሩት።

ቤቱ የትልቅ ድርጅት ቅርንጫፍ ከሆነ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይጻፉ። ካልተስማሙ የግዛትዎ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጉዳይ ክፍል አቤቱታ ይቀበላል፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ የመኪና ጥገናን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ቢሮ አለ። ከዚያ በኋላ ያለ ጠበቃ የሚቀርቡበት የአነስተኛ ጉዳዮች ችሎት አለ፤ በሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር፣ በዋሽንግተን ዲሲ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ክስ ያያል። በዚህ ሁሉ የሚረዳዎት ቁጣዎ ሳይሆን ደረሰኝዎና ፎቶዎ ነው።

ደረጃ 9፦ መዝገብ ይያዙ

አከፋፋዩ ዘንድ ካልቀየሩ ዋስትናዎ ይሰረዛል የሚል ወሬ ይሰማሉ። በ1975 የወጣው የማግኑሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ መደበኛ ጥገና በእርሱ ቤት ብቻ ይሠራ ብሎ እንዲያስገድድ አይፈቅድም፣ አገልግሎቱን በነፃ ካልሰጠ በቀር። ሆኖም ሞተሩ ቢበላሽ ዘይቱን በጊዜውና በትክክለኛው ዓይነት መቀየርዎን እንዲያሳዩ ሊጠየቁ ይችላሉ። ደረሰኞቹ በጊዜ ብዛት ስለሚደበዝዙ ወዲያው ፎቶ አንስተው በስልክዎ አንድ ቦታ ያስቀምጧቸው። መኪናውን ሲሸጡም ይኸው መዝገብ ዋጋ ያስጨምርልዎታል።

አሁን አንድ ቁራጭ ካርቶን ይውሰዱና እንዲህ ብለው ይጻፉበት፦

*የመኪናው ሞዴልና ዓመት፦*
*የዘይቱ ቁጥርና የጥራት ደረጃ፦*
*መጠን በኳርት፦*
*መቀየሪያ ጊዜ በማይልና በወር፦*
*የመጨረሻው ቅየራ ማይልና ቀን፦*
*የአየር ፊልትሮ የተቀየረበት ማይል፦*
*የሚቀጥለው የራዲያተር ፈሳሽና የካምቢዮ ዘይት ቅየራ፦*

ካርቶኑን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያስቀምጡ። መኪናውን ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ይዘው ሲሄዱ እነሱም በዚያው ይመራሉ። በዚህ ሳምንት መጽሐፉን ከፍተው መስመሮቹን ቢሞሉ፣ ከሚቀጥለው ቅየራ ጀምሮ ምን እንደሚያስፈልግዎት የሚነግሩት እርስዎ ይሆናሉ።